ፓታንጃሊን ደሴ ላይ ማንበብ፦ የዮጋን ፍልስፍና በቡድን ለማጥናት

ዮጋ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ስልክ ላይ የሚታየው መተጣጠፍ ነው። ይህ መመሪያ ለእሱ አይደለም። ከስድስቱ የህንድ ጥንታዊ የፍልስፍና ትምህርቶች አንዱ የሆነውን ዮጋ ከምንጩ፣ ከፓታንጃሊ «ዮጋ ሱትራ»፣ ቁጭ ብለው ማጥናት ለሚፈልጉ ጥቂት ሰዎች ነው፤ ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኑ ሐይቅ። ጽሑፉ ካሉት 195 አጫጭር አንቀጾች ስለ ሰውነት አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ከ46 እስከ 48። የቀረው በአብዛኛው ስለ ሐሳብ ነው፦ ለምን እንደሚናወጥ፣ እንዴት እንደሚረጋ፣ ሲረጋ ምን እንደሚታወቅ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሰዉ ከሦስት አይነስ፣ ከስድስት አይብለጥ። ሁለት ከሆናችሁ አንዱ የቀረ ቀን ንባቡ ይቀራል፤ ከስድስት ካለፈ ደግሞ ሁለቱ ይከራከራሉ፣ ሌላው ያዳምጣል። ሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት በቂ ነው። ቡና ከተፈላ ደግሞ ሰዓቱን በቡናው ክፈሉት፦ በአቦሉ ንባብ፣ በቶናው ማብራሪያ፣ በበረካው ክርክር። ይህ ካልተለየ ክርክሩ አቦሉ ላይ ይጀመርና አንድ አንቀጽ ሳያልቅ ይመሻል። በሳምንት ስምንት አንቀጽ እየሄዳችሁ ስድስት ወር ያህል ያዙለት።

መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ስለምታነቡት እንግሊዝኛ የማያስቸግረው ቢያንስ አንድ ሰው ይኑራችሁ። ሁለት የተለያዩ ትርጉሞች ያዙ፤ አንዱ የግድ ቭያሳ ለሚባል ሰው የሚሰጠውን ጥንታዊ ማብራሪያ የያዘ ይሁን። የጄምስ ሃውተን ውድስ ትርጉም በ1914 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ስለሆነ በነጻ ይገኛል፤ አጻጻፉ ደረቅ ነው፣ ግን ማብራሪያውን ሳያሳጥር ያቀርባል። ማብራሪያ የሌለውን ቀጭን ትርጉም ብቻ ይዞ መግባት ዋናው የውድቀት ምክንያት ነው። አንቀጾቹ አብዛኞቹ ግሥ የላቸውም፤ አንዳንዱ ሦስት ቃል ብቻ ነው፣ የጎደለውም ከበፊተኛው አንቀጽ ተወስዶ ይሞላል። በወሎዎቹ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት፣ በዳና ወይም በገታ፣ ደርስ የተቀመጠ ሰው መትንን (ዋናውን ጽሑፍ) ያለ ሸርሕ (ማብራሪያ) እንደማይቀራ ያውቃል፤ የአብነት ተማሪም ንባቡን ካንድምታው አይነጥልም። ሱትራና ማብራሪያውም እንደዚያው ናቸው። እንዲያውም ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ዘመኑንም እ.ኤ.አ. ወደ 400 አካባቢ ያደርሱታል።

ሁለት ትርጉም ስትይዙ አንድ ነገር ያደናግራችኋል። አንዳንዱ መጽሐፍ 195፣ አንዳንዱ 196 አንቀጽ ይቆጥራል። ልዩነቱ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው፤ ከ20 አካባቢ ጀምሮ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ባንድ ይዛነፋል። የትኛው መጽሐፍ እንደሚቀድም ከመጀመሪያው ቀን ወስኑና ጠርዙ ላይ በእርሳስ አመልክቱ። ከዚህ በኋላ 1.2 ስንል ምዕራፍ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት ማለታችን ነው።

መጀመሪያ ሳምክያ

ፓታንጃሊ ዓለምን የሚያይበትን መነጽር የተዋሰው ሳምክያ ከሚባለው ጎረቤት ትምህርት ነው፤ አንባቢው ያውቀዋል ብሎ ስለሚነሳም አያስረዳም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሱትራውን አትክፈቱ።

ትልቅ ወረቀት ላይ የሳምክያን ሃያ አምስት መሠረቶች ጻፉ። ባንድ በኩል ለብቻው ፑሩሻ፦ የሚያውቅ፣ የማይሠራ፣ የማይለወጥ። በሌላ በኩል ፕራክሪቲ፦ የምትሠራ፣ የምትለዋወጥ፣ ግን የማታውቅ የባሕርይ ሁሉ ምንጭ። ከፕራክሪቲ ሥር ቡዲ (የሚወስነው)፣ ከቡዲ አሃምካራ («እኔ» የሚለው)፣ ከዚያ ማናስ (ከስሜት ሕዋሳት የመጣውን የሚያሰባስበው)፣ አምስት የማወቂያ ሕዋሳት፣ አምስት የመሥሪያ ብልቶች፣ አምስት ረቂቃን፣ በመጨረሻም አምስቱ ግዙፋን፦ ኅዋ፣ ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃ፣ መሬት። ቁጥሩ 25 ካልመጣ አንድ ነገር ዘላችኋል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማናስ ነው።

ወረቀቱ እንዲገባችሁ አንድ ሲኒ መሐል ላይ አስቀምጡና እየተቀባበላችሁ ጣታችሁን ወረቀቱ ላይ አሳርፉ። ነጩ ቀለምና ክቡ ቅርጽ ዓይን ውስጥ ገባ፦ ዓይን ላይ ጣት። ቀለሙን፣ ሙቀቱን፣ ሽታውን አንድ ላይ ያመጣው ማናስ ነው። «እኔ አየሁት» ያለው አሃምካራ። «ሲኒ ነው፣ ቡናው ገና ትኩስ ነው» ብሎ የቆረጠው ቡዲ። እስካሁን የነካችሁት ሁሉ በፕራክሪቲ በኩል ነው። ይህ ሁሉ የሚታወቅለት ደግሞ ፑሩሻ ነው፤ እሱ ግን ሲኒውን አላነሳም፣ ስም አላወጣለትም፣ አልተመኘውም።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ቦታ ይሰናከላል። ነፍስና ሥጋ ሲባል ያደግን ሰዎች ሐሳብን ወደ ነፍስ፣ አካልን ወደ ሥጋ እንመድባለን። በሳምክያና በዮጋ መስመሩ የሚሰመረው ሌላ ቦታ ነው፤ ሐሳብም፣ ፈቃድም፣ ትዝታም፣ «እኔ» ማለትም በፕራክሪቲ በኩል ናቸው፤ ፑሩሻ የሚያያቸው ብቻ ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ አጣሞ ያነባል። ሁለተኛው መሰናክል ኢንተርኔት ላይ የሚነገረው «ከዓለሙ ሁሉ ጋር አንድ መሆን» የሚለው ነው። እሱ ቬዳንታ ለሚባለው ሌላ የህንድ ፍልስፍና የቀረበ ወሬ ነው። ፓታንጃሊ ዘንድ ፑሩሻ ብዙ ነው፣ መጨረሻውም መቀላቀል ሳይሆን መለየት ነው፦ ተመልካቹን ከሚታየው ለይቶ ማወቅ። ካይቫልያ የሚባለው ግብ ያ ነው።

ሦስቱን ጉናዎች (የፕራክሪቲን ባሕርያት)፣ ሳትቫን (ብሩህነት)፣ ራጃስን (መንቀሳቀስ) እና ታማስን (መክበድ)፣ ከመጽሐፍ ይልቅ ከራስ ቀን መማር ይሻላል። አንድ ሳምንት በየሦስት ሰዓቱ የቱ እንዳየለ አንድ ፊደል ጻፉ። ጫት የሚቅም ሰው ደብተሩ በተለይ ያስተምረዋል፦ ምርቃናው ላይ ሐሳብ ሲፈጥንና ሲሰላ ሳትቫ ይመስላል፤ ግን እረፍት የለውም፣ ካንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ስለዚህ በአብዛኛው ራጃስ ነው። ማታ የሚመጣው ሐራራና ድብርት ታማስ ነው። ይህ ነገር በረካው ላይ መነሳቱ አይቀርም፤ ምክንያቱም ፓታንጃሊ ራሱ በ4.1 ልዩ ችሎታ ከሚገኝባቸው አምስት መንገዶች አንዱ ዕፅ ነው ይላል፤ ሌሎቹ ልደት፣ ማንትራ (የሚደጋገም ቅዱስ ቃል)፣ ተጋድሎና ሳማዲ (ጥልቅ ተመስጦ) ናቸው። 4.1 የሚጠቅስ ሰው ሲገጥማችሁ 4.6ን አንብቡለት፦ ከእነዚህ ውስጥ የድርጊት ዝቃጭ የማይተወው በተመስጦ የተገኘው ሐሳብ ብቻ ነው።

የንባቡ ቅደም ተከተል

ከፊት ወደ ኋላ አትሂዱ። መጀመሪያ 1.1 እስከ 1.16፣ ከዚያ 2.1 እስከ 3.8፣ ከዚያ ወደ 1.17 ተመልሳችሁ ምዕራፍ አንድን ጨርሱ፤ ቀጥሎ ምዕራፍ አራት፣ በመጨረሻ የምዕራፍ ሦስት ቀሪ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከ1.17 በኋላ ያለው ስለ ሳማዲ ደረጃዎች ነው፣ ጀማሪ ደግሞ ገና ስምንቱን ክፍሎች አላየም።

1.2 ዮጋ የሐሳብን መናወጥ ማስቆም ነው ይላል፤ 1.3 ያን ጊዜ ተመልካቹ በራሱ መልክ ይጸናል፤ 1.4 በሌላ ጊዜ ተመልካቹ ከመናወጡ ጋር አንድ ይመስላል። ሦስቱን በቃል ያዙ፤ የቀረው መጽሐፍ የእነዚህ ዝርዝር ነው። መናወጦቹ አምስት ናቸው፦ ትክክለኛ እውቀት፣ ስህተት፣ በቃል ብቻ የቆመ ሐሳብ፣ እንቅልፍ፣ ትዝታ። ትክክለኛ እውቀትም መቆም ካለበት መናወጥ መቆጠሩን አስምሩበት። እንቅልፍ ላይ ደግሞ ክርክር ይነሳል፤ «ምንም ያልታሰበበት እንዴት መናወጥ ይሆናል?» ቭያሳ የሚሰጠው መልስ ቆንጆ ነው፦ ሰው ሲነቃ «ጥሩ ተኛሁ» ወይም «እንቅልፌ ከበደኝ» ይላል፤ ያልቀመሰውን ነገር ሊያስታውስ አይችልም፣ ስለዚህ በእንቅልፉ ውስጥም ሐሳብ አንድ ነገር ይዞ ነበር።

መናወጡ የሚቆመው በሁለት ነገር ነው (1.12)፤ በመደጋገምና በአለመጠመድ። 1.14 መደጋገሙ ሥር የሚይዘው ለረጅም ጊዜ፣ ሳይቋረጥና በአክብሮት ሲደረግ ነው ይላል። ስለዚህ በየቀኑ 10 ደቂቃ፣ እሁድ ብቻ ከሚደረግ አንድ ሰዓት ይበልጣል።

ያማ፦ ሊዘለል የማይገባው ክፍል

ስምንቱ ክፍሎች 2.29 ላይ ተዘርዝረዋል፦ ያማ (መታቀብ)፣ ኒያማ (የራስ ሥርዓት)፣ አሳና (አቀማመጥ)፣ ፕራናያማ (ትንፋሽን መግዛት)፣ ፕራትያሃራ (የስሜት ሕዋሳትን ወደ ውስጥ መሰብሰብ)፣ ዳራና፣ ዲያና፣ ሳማዲ። ሰው ሁሉ ሁለቱን ዘሎ አሳና ላይ ያርፋል። ያማ አምስት ነው፦ አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ፍትወትን መግዛት፣ አለማግበስበስ። ያልረጋ ኑሮ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ የሚያገኘው ቀን የሠራውን ነው፤ ትላንት የዋሸው ዛሬ ሲቀመጥ ይመጣበታል።

በ2.31 ያማዎቹ በዘር፣ በቦታ፣ በጊዜና በሁኔታ ካልታጠሩ «ታላቅ ቃል ኪዳን» ይሆናሉ ይላል። ቭያሳ ለታጠረው ምሳሌ የሚሰጠው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ከዓሣ በቀር ሌላ አይጎዳም፣ ቃሉ በፍጥረት ዓይነት ታጥሯል። «በዚህ ቀን አልገድልም» የሚለው ደግሞ በጊዜ ታጥሯል። እኛ ዘንድ በጾም ቀን ሥጋ አለመብላት ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ጥሩ መነጋገሪያ ነው። እዚህ ላይ ሥጋ ይበላ አይበላ የሚለው ክርክር ምሽቱን ይበላዋል፤ ሩብ ሰዓት ስጡትና እለፉ።

ለሥራ የሚመቸው እውነት መናገር ነው፤ ሁለት ሳምንት ስጡት። መሣሪያው 2.34 ነው። ጉዳት የሚያስከትል ነገር ራስ የሠራው፣ ሌላውን ያሠራው ወይም ሲሠራ የተስማማበት ይሆናል፤ መነሻው ስስት፣ ቁጣ ወይም መሳት ነው፤ መጠኑም ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ። ሦስት በሦስት በሦስት፣ 27 ዓይነት። ቭያሳ እያንዳንዱን እንደገና በሦስት ከፍሎ 81 ያደርሰዋል፤ ለእናንተ 27ቱ ይበቃል። ደብተር ላይ ሠንጠረዥ አስምሩ፣ በየቀኑ ማታ ሙሉ። ስልክ ሲጠራ ልጁን «የለም በለው» ያለ አባት ራሱ አልዋሸም፤ አሠርቷል፣ መነሻው ምናልባት ዕዳ ስለሆነ ስስት፣ መጠኑ ቀላል። ሰኞ ገበያ ላይ ጓደኛው ጨርቁን «ኦሪጂናል ነው» ብሎ ሲሸጥ አጠገቡ ቆሞ ራሱን የነቀነቀ ሰው ተስማምቷል። ሠንጠረዡ የመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ከሆነ ሰውየው ቅዱስ ስለሆነ አይደለም፤ «ያሠራሁት» እና «የተስማማሁበት» የሚሉትን ዓምዶች አላያቸውም ማለት ነው።

2.33 መድኃኒቱን ይሰጣል፤ ክፉው ሐሳብ ሲመጣ ተቃራኒውን ማሰብ። ቭያሳ ይህን «መልካም ነገር አስብ» በሚል ለስላሳ መንገድ አይተረጉመውም፤ የምትሠራው ነገር ማለቂያ የሌለው ሥቃይና አለማወቅ እንደሚያፈራ አስብ ነው የሚለው።

ኒያማ ንጽሕና፣ ባለው መርካት፣ ተጋድሎ፣ የራስ ጥናትና ለኢሽቫራ (ከታች ለምናየው ልዩ ፑሩሻ) መሰጠት ነው። የንባብ ቡድናችሁ ራሱ አራተኛው ስለሆነ እሱን እየሠራችሁት ነው።

አቀማመጥና ትንፋሽ

2.46 አቀማመጥ የጸናና የሚመች ይሁን ይላል፤ 2.47 የሚገኘው ጥረትን በማላላት ነው። ቁርበት ወይም ሰሌን አንጥፉ፣ ከኋላ በኩል ጋቢ አጣጥፋችሁ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ጉልበት ከዳሌ ዝቅ ማለት አለበት። ጉልበቱ ከፍ ካለ ዳሌ ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ወገብ ይጎብጣል፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጀርባ ያቃጥላል። ወዳጃ (የጋራ ዱዓ) ላይ ወይም መስጊድ መሬት መቀመጥ የለመደ ሰው ይህን በቶሎ ያገኘዋል፤ ቢሮ የሚውለው ግን ሁለተኛ ጋቢ ይጨምር። እግር ሲደነዝዝ ነርቭ ስለተጫነ ነው፤ ዘርጉት፣ መቀመጫውን ከፍ አድርጉ። ጉልበት ውስጡን ሲወጋ ግን አትታገሉ፣ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ቭያሳ ከሚዘረዝራቸው አቀማመጦች አንዱ ድጋፍ ያለው ነውና ዱካው ከመጽሐፉ አያስወጣችሁም። በ10 ደቂቃ ጀምሩ፣ በየሁለት ሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመራችሁ 25 ላይ ቁሙ።

ለትንፋሽ 2.50 የሚያየው ቦታን፣ ጊዜንና ቁጥርን ነው፤ ትንፋሹም ረጅምና ረቂቅ ይሆናል። ዝርዝር አሠራር ግን አይሰጥም፤ የሚከተለው ለጀማሪ እንዲቀል የተመጠነ ነው። በአፍንጫ አራት እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ ስድስት እየቆጠራችሁ ልቀቁ፤ በመጀመሪያው ወር አትያዙት። 12 ዙር ይበቃል። ጣት መጠዝጠዝና ራስ ማዞር ከመጣ ብዙ አየር እያስወጣችሁ ነው፣ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወርዷል፤ ቆጠራውን ትታችሁ እንደልማዳችሁ ተንፍሱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከከሚሴ ወይም ከባቲ ቆላ ለመጣ ሰው ሦስት ለአራት ይበቃዋል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም፣ ትንፋሽ መያዝን ጨርሶ ይተዉት።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲመጣ በሩን ዘግቶ ከሰል አንድዶ ለትንፋሽ ልምምድ መቀመጥ አደገኛ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ መፍዘዙንና እንቅልፉን ሰው «ተመስጦ ገባሁ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ማንደጃው ይውጣ፣ መስኮት ይከፈት፣ ጋቢ ይደረብ። ዕጣንም ከንባቡ በኋላ ይጨስ።

ዳራና፣ ዲያና፣ ሳማዲ

ዳራና ሐሳብን አንድ ቦታ ማሰር ነው (3.1)። ቭያሳ እምብርትን፣ ልብን፣ የአፍንጫን ጫፍ፣ የምላስን ጫፍ ወይም የውጭ ነገርን ይጠቅሳል። አንዱን መርጣችሁ ለሦስት ወር አትቀይሩ። በየቀኑ የሚቀይር ሰው የሚለማመደው መምረጥን ነው። ሐሳብ ሲሸሽ መልሱ፤ ያ መመለስ ራሱ ዳራና ነው፣ ውድቀት አይደለም። ወደዚያው የሚሄደው ሐሳብ ሳይቆራረጥ ሲፈስ ዲያና ይባላል (3.2)፤ «እኔ እያሰብኩ ነው» የሚለው ጠፍቶ የታሰበው ነገር ብቻ ሲበራ ሳማዲ (3.3)። በስድስት ወር ውስጥ ሦስተኛው ላይ ደረስኩ የሚል ሰው ካለ አትጨቃጨቁት፤ 1.30 ላይ ከተዘረዘሩት ዘጠኝ እንቅፋቶች መካከል ደካማነትን፣ ስንፍናንና የተሳሳተ እይታን አንብቡለት። በጨፈነ ዓይን ቀለም ማየትም ሆነ ማንቀላፋት ሳማዲ አይደሉም።

የሃይማኖት ጥያቄ

ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ መጀመሪያ ሳምንት ላይ በግልጽ ተነጋገሩበት። መጽሐፉ የዳግም መወለድንና የካርማን ትምህርት ይዟል (2.12 እስከ 2.14)፤ ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ኢሽቫራ የሚለው ግን ዓለምን የፈጠረ ጌታ አይደለም፤ ችግርና ድርጊት ያልነካው ልዩ ፑሩሻ ነው (1.24)። ከእስልምናውም ከክርስትናውም ፈጣሪ ጋር አንድ አድርጎ ማንበብ ጽሑፉን ማበላሸት ነው። ለኢሽቫራ መሰጠት በ1.23 «ወይም» ተብሎ የመጣ አማራጭ ነው፤ 1.28 ላይ ያለው ኦምን መደጋገም የማይመቸው ሰው 1.39ን ይያዝ፣ የወደደውን ነገር ማሰብ ይፈቅዳል። ልምምዱን ሁሉ ትቶ ፍልስፍናውን ብቻ ማጥናትም ይቻላል፤ የእምነት ጥርጣሬ ያለበት ሸኹን ወይም የነፍስ አባቱን ይጠይቅ።

ዓረብኛ የሚያነብ ሰው ካላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። አል ቢሩኒ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ጽሑፍ ከማብራሪያ ጋር ቀላቅሎ፣ በጥያቄና መልስ መልክ፣ ወደ ዓረብኛ መልሶታል። ኢስታንቡል የተገኘውን ቅጂ ሄልሙት ሪተር በ1956 (እ.ኤ.አ.) አሳትሞታል። አንድ ሙስሊም ሊቅ ይህን ትምህርት በምን ቃላት እንደያዘው ከእንግሊዝኛው ጎን አስቀምጦ ማየት ሙሉ ምሽት ይገባዋል።

የመጨረሻው ንባብ

ከ3.16 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች በአብዛኛው ስለ ልዩ ችሎታዎች ናቸው፦ ያለፈውንና የሚመጣውን ማወቅ፣ የእንስሳትን ድምፅ መረዳት፣ መሰወር፣ የዝሆን ጉልበት። ወደ መጨረሻ የተገፉት በዚህ ምክንያት ነው፤ መጀመሪያ ላይ የተነበቡ እንደሆነ ቡድኑ ሁለት ሳምንት ስለ መተትና ስለ ጠንቋይ ሲያወራ ይከርማል። በሁለት ምሽት ጨርሷቸው፣ ግን 3.37 ላይ ቁሙ (በአንዳንዱ መጽሐፍ 3.38 ነው)፤ ወደ ውጭ ለዞረው ሐሳብ ችሎታ የሚመስሉት እነዚህ ለሳማዲ እንቅፋት ናቸው ይላል። ከዚያ 3.51ን አንብቡ፤ ከፍ ያለ ስፍራ ያላቸው ሲጋብዙት ዮጊው አይጠመድ፣ አይኩራም ይላል፤ ካልሆነ የማይፈለገው ነገር ይመለስበታል። በ3.55 ላይ ሳትቫና ፑሩሻ በንጽሕና እኩል ሲሆኑ ካይቫልያ ነው ይላል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት ካልተጣለ እዚህ አውጡትና «እኩል» የሚለው አንድ መሆን ነው ወይስ ተለይቶ መታወቅ የሚለውን በበረካው ተከራከሩበት።